የማሟያ ምርጫ ድል ምን ይነግረናል? ለፌርፋክሱ አንባቢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። በሴፕቴምበር 2025 አንድ ማክሰኞ ምርጫ አለ ተባለና ሄድኩ። አዳራሹ ጭር ብሏል፤ ከአስመራጮቹ ሌላ ሦስት ሰው ብናይ ነው። ማታ ቴሌቪዥን ስከፍት ‹ዴሞክራቶች እያንሰራሩ ነው› ይላሉ። በ2024 መጀመሪያ ላይም እንዲሁ ብለውን ነበር። ኖቬምበር ላይ ግን ትራምፕ አሸነፉ። እነዚህ መሃል ላይ የሚደረጉ ምርጫዎች በእርግጥ የሚያሳዩት ነገር አለ? ወይስ ወሬ ማሟሟቂያ ናቸው?»

ምላሽ፦ ያ ጭር ያለ አዳራሽ የነገሩ ቁልፍ ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

እድር ውስጥ ካሉ ይህን ያውቁታል። ዓመታዊው ስብሰባ ላይ አዳራሹ ይሞላል። በተራው ወር ስብሰባ ግን የሚመጣው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ዝናብም ቢዘንብ የማይቀረው ነው። ሌላው የከፋው ነው። ሊቀመንበሩ በወሩ ስብሰባ ልክ ልኩን ቢነገረው እድርተኛው በሙሉ ጠልቶታል ማለት አይደለም። ግን ሊቀመንበሩ ራሱ ያን ቀን እንቅልፍ ይወስደዋል ብዬ አላስብም።

ማሟያ ምርጫ የወሩ ስብሰባ ነው። «ስንት ሰው ፓርቲ ቀየረ?» ብለው ቢጠይቁት ደህና መልስ የለውም። «ማን ተናዷል? ማንስ ቤቱ ቀርቷል?» ብለው ቢጠይቁት ግን በጥሩ ሁኔታ ይመልሳል። ሰው ለስልክ ጠያቂ የሚሰጠው አስተያየት አንድ ነገር ነው። ከሥራ መልስ መኪናውን አዙሮ ሄዶ የሚሰጠው ድምፅ ሌላ ነው።

በስሙ ደግሞ እንግባባ። እዚህ «ስፔሻል ኢሌክሽን» የሚሉት በእኛ የምርጫ ሕግ «ማሟያ ምርጫ» የሚባለው ነው። ተመራጩ ሲሞት፣ ሲለቅ ወይም ሲባረር የጎደለችውን ወንበር ለመሙላት የሚደረግ ነው። ለፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱ ከምርጫ ሌላ መንገድ አልተወም። በሴኔቱ ግን ብዙ ግዛቶች አገረ ገዥው ጊዜያዊ ሰው እንዲሾም ይፈቅዳሉ። የግዛት ምክር ቤቶች እንደየግዛታቸው ነው። ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶችዎ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ምርጫ የታለ?» ቢሉዎት እውነታቸውን ነው። እዚያ ለጎደለ የግዛት ምክር ቤት ወንበር የፓርቲው የአካባቢ ኮሚቴ ስም ያቀርባል፤ አገረ ገዥው ይሾማል። ቨርጂኒያ ግን ሕዝቡን ይጠራል። ደጋግሞ ነው የሚጠራው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። «ማን አሸነፈ?» የሚለው ብቻውን ብዙም አይጠቅምም፤ አብዛኛው ወረዳ የአንዱ ወይም የሌላው ፓርቲ ቤት ነው። ባለሙያ የሚያየው ልዩነቱን ነው። በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ እዚያው ወረዳ ላይ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል ስንት ነጥብ (ከመቶ) ልዩነት ነበር? በማሟያውስ ስንት ሆነ? የሁለቱ ርቀት ነው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚናገረው።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ትራምፕ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና ሳምንቱ ነበር። በጃንዋሪ 28፣ 2025 በአይዋ፣ በግዛቱ ሴኔት 35ኛ ወረዳ ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ወረዳው ከሁለት ወር ተኩል በፊት ትራምፕን በ21 ነጥብ የመረጠ ነው። ዴሞክራቱ ማይክ ዚመር በ3 ነጥብ ተኩል ገደማ አሸነፉ። ስለዚህ መስመሩ ወደ 25 ነጥብ ተንቀሳቅሷል። ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር ነው። ግን ድምፅ የሰጠው ሰው 10,000 እንኳ አልሞላም። 25 በመቶው ሕዝብ ሐሳቡን የቀየረ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ዴሞክራቶቹ ተናደው ወጡ። ሪፐብሊካኖቹ ድላቸውን እያጣጣሙ ቤታቸው ቀሩ። ከመሃል ደግሞ ጥቂት ሰው በእርግጥ ተገለበጠ። ሦስቱ ተደምረው ነው 25 የሆኑት።

አንድ እንጨት አይነድም። ስለዚህ የአይዋውን ብቻ አይዩ። በማርች 2025 በፔንሲልቬኒያ፣ በላንካስተር ካውንቲ፣ ትራምፕ በ15 ነጥብ ያሸነፉበትን የግዛት ሴኔት ወረዳ ዴሞክራቱ ጄምስ ማሎን በአንድ ነጥብ ገደማ ወሰዱት። በኤፕሪል በፍሎሪዳ 6ኛው የኮንግረስ ወረዳ ሪፐብሊካኑ ራንዲ ፋይን አሸነፉ፤ ግን ትራምፕ 30 ነጥብ በመሩበት ቦታ እሳቸው የመሩት በ14 ነው። በእናንተው ወረዳ፣ እርስዎ በሄዱበት ሴፕቴምበር 9፣ የሟቹን የጄሪ ካኖሊን ወንበር ጄምስ ዋልኪንሾ በ50 ነጥብ ወሰዱ። ካማላ ሃሪስ እዚያ የመሩት በ34 ገደማ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አሪዞና ላይ አዴሊታ ግሪሃልቫ የአባታቸውን ወንበር ወደ 40 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት ያዙ፤ ሃሪስ እዚያ በ22 ነበር የመሩት። በዲሴምበር ቴነሲ ላይ ሪፐብሊካኑ ማት ቫን ኤፕስ አሸነፉ፤ ትራምፕ 22 የመሩበት ወረዳ ወደ 9 ወረደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ። የላንካስተር ገበሬ አካባቢ፣ የፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ፣ የፌርፋክስ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የአሪዞና የሜክሲኮ ድንበር፣ የናሽቪል ዳርቻ። በአኗኗርም በዘርም አይገናኙም። ለውጡ ግን በአምስቱም ቦታ ከ13 እስከ 18 ነጥብ ውስጥ ነው የወደቀው። እናንተ ጋ የፌዴራል ሠራተኛ ቅነሳው ሰውን አስቆጥቷል፤ ቴነሲ ላይ ግን የዚያን ያህል አያስቆጣም። ምክንያቱ ሁሉ የአካባቢ ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ እንዲህ አይቀራረቡም ነበር። ባለሙያን የሚያስደነግጠው ይህ ዓይነት መመሳሰል ነው፤ የአንድ ቀን «ታሪካዊ ድል» አይደለም።

ታዲያ የእነዚህን አማካይ፣ 16 ነጥብ ገደማውን፣ እንዳለ ወስዶ ለሚቀጥለው ትልቅ ምርጫ ማስላት ይቻላል? አይቻልም። ማሟያ ምርጫ የመርካቶ የመጀመሪያ ዋጋ ነው። ሲከራከሩበት ይወርዳል።

ማስረጃው ከደጃፍዎ ነው። እርስዎ ከመረጡ ከሁለት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 2025፣ ቨርጂኒያ አገረ ገዥ መረጠ። አቢጌል ስፓንበርገር በ15 ነጥብ ገደማ አሸነፉ። ሃሪስ ግዛቱን የወሰዱት በ6 ገደማ ነበር። ለውጡ 9 ነው። ኒው ጀርሲ ላይም ሚኪ ሼሪል ወደ 14 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት ሲያሸንፉ ለውጡ 8 ገደማ ሆነ። ብዙ ሰው ሲወጣ 16ቱ ወደ ግማሽ ወረደ። አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ከዚህ በፊትም እንዲህ ነበር። በ2017 እና በ2018 መጀመሪያ ዴሞክራቶች በማሟያ ምርጫዎች ደጋግመው ከሚጠበቀው በላይ አገኙ። የፒትስበርጉን የማርች 2018 ምርጫ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ትራምፕ 20 ነጥብ ገደማ በመሩበት ወረዳ ኮነር ላም በ755 ድምፅ አሸነፉ። ያን ዓመት ኖቬምበር ዴሞክራቶች 40 ወንበር ጨምረው ምክር ቤቱን ያዙ። በተቃራኒው ጎን ደግሞ ጃንዋሪ 2010 አለ። በማሳቹሴትስ፣ የዴሞክራቱን የቴድ ኬኔዲን የሴኔት ወንበር ሪፐብሊካኑ ስኮት ብራውን ወሰዱት። ማሳቹሴትስ ላይ! ከአሥር ወር በኋላ ሪፐብሊካኖች 63 የምክር ቤት ወንበር ጨመሩ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቴሌቪዥኑን የሚደግፍ ይመስላል። አሁን ወደ 2024 እንምጣ፤ ጥያቄዎ ያለው እዚያ ነው።

ያን ዓመት ፌብሩዋሪ 13 በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድና በኩዊንስ ከፊል የተደረገውን ማሟያ ምርጫ እኛ ሐበሾች ከሌላው በተለየ ተከታትለነዋል። ጆርጅ ሳንቶስ ከምክር ቤቱ ተባረው ወንበራቸው ባዶ ነበር። ሪፐብሊካኖች ያቀረቧት ማዚ መለሰ ፒሊፕ ናት። ኢትዮጵያ ተወልዳ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገባች፣ በእስራኤል ጦር ያገለገለች፣ የናሶ ካውንቲ ምክር ቤት አባል የነበረች፣ የሰባት ልጆች እናት። (ፖለቲካዋን የማይወዱ ዘመዶቼ ሳይቀሩ ያን ማታ ውጤቱን በስልክ ሲጠይቁኝ አመሹ።) ተፎካካሪዋ ቀድሞ ያንኑ ወንበር ይዘው የነበሩት ቶም ስዋዚ ነበሩ። የምርጫው ቀን በረዶ ወረደ። ዴሞክራቶቹ አስቀድመው በፖስታና በቅድመ ምርጫ ድምፃቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል። ሪፐብሊካኖቹ የዕለቱን ቀን ነበር የጠበቁት። ስዋዚ በ8 ነጥብ ገደማ አሸነፉ።

በነጋታው ጋዜጣው ሁሉ «ዴሞክራቶች መንገዱን አገኙት» አለ። ኖቬምበር ላይ ትራምፕ ያንኑ ወረዳ አሸነፉ። አገሪቱንም አሸነፉ። ስዋዚ ወንበራቸውን በጠባብ ልዩነት ይዘው ቀሩ።

ምን ተፈጠረ? የማሟያው ውጤት ውሸት አልነበረም። የመጣው ሰው የተለየ ነበር። ይህን ለመረዳት ያለፉትን 15 ዓመታት ማየት ያስፈልጋል። በኦባማ ዘመን የዴሞክራቶች ድምፅ ወጣቱና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነበር። ይህ ሰው ለፕሬዚዳንት ይወጣል፣ ለሌላው አይወጣም። ስለዚህ ኦባማ በ2008 እና በ2012 ሲያሸንፉ ፓርቲያቸው በ2010 እና በ2014 ተቀጣ። በትራምፕ ዘመን ነገሩ ተገላበጠ። ዲግሪ ያለው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖረው፣ ለትምህርት ቤት ቦርድ እንኳ ሳይቀር የሚመርጠው ሰው ወደ ዴሞክራቶች ሄደ። ከአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚመርጠው ሠራተኛ ደግሞ ወደ ትራምፕ። አሁን የወሩ ስብሰባ ታማኝ ተሰብሳቢ ዴሞክራቱ ነው። ዓመታዊውን ስብሰባ የሚያጥለቀልቀው ያልታየ ሰው ደግሞ የትራምፕ ነው።

እንግዲህ ትንሽ ምርጫ ትንሽ ምርጫን ይተነብያል። በ2018ቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ (ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት የኮንግረስ ምርጫ) ድምፅ የሰጠው ከሚችለው ሕዝብ 50 በመቶ ገደማ ነበር። በ2024 ግን 64 በመቶ ገደማ ወጣ። ማሟያ ምርጫዎች ለመጀመሪያው ደህና አመላካች ሆኑ፤ ለሁለተኛው አልሆኑም። ከ2025ቱ ውጤቶች ተነስቶ ስለ 2026 ቢያወሩኝ እሰማለሁ። ስለ 2028 የሚያወራ ካለ ግን እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ።

ወጥመዶቹ ይህ ብቻ አይደሉም። ከምን ጋር እንደሚያወዳድሩ ካልተጠነቀቁ ራስዎን ያታልላሉ። በጁን 2017 የአትላንታ ዳርቻ ወረዳ ማሟያ ምርጫ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰበት። የዚያን ጊዜው ወጣት ጆን ኦሶፍ በ4 ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። «ዴሞክራቶች አበቃላቸው» ተባለ። ቀድሞ ወንበሩን የያዙት ሪፐብሊካን ያሸነፉት ግን በ23 ነጥብ ነበር። በዚያ ካየነው ዴሞክራቶች ገሰገሱ። ከትራምፕ ጋር ካየነው ደግሞ ትራምፕ እዚያ የመሩት በ1 ነጥብ ተኩል ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ቀሩ። ሁለቱም ትክክል ነው። ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ በዚያኑ ማታ ደቡብ ካሮላይና ላይ የሆነው ነው። ትራምፕ 18 ነጥብ በመሩበት ወረዳ ማንም ስሙን የማያውቀው ዴሞክራት አርቺ ፓርኔል በ3 ነጥብ ብቻ ተሸነፉ። ካሜራው ሁሉ አትላንታ ነበር። የሚነበበው ምልክት ካሮላይና ነበር። አትላንታም ቢሆን በቀጣዩ ዓመት ሉሲ ማክባዝ ያንኑ ወንበር ለዴሞክራቶች ወሰዱት።

ዕጩውም አለ። በዲሴምበር 2017 ዴሞክራቱ ዳግ ጆንስ በአላባማ የሴኔት ማሟያ ምርጫ ማሸነፋቸው ተአምር ነበር፤ የገጠሟቸው ሮይ ሞር ግን ለአቅመ ሔዋን ባልደረሱ ልጆች ላይ በደል ፈጽመዋል የሚል ውንጀላ የቀረበባቸው ሰው ናቸው። በ2020 ተራ ሪፐብሊካን ሲገጥማቸው ጆንስ በ20 ነጥብ ተሸነፉ። ስኮት ብራውንን የሚጠቅሱ ሰዎችም በሜይ 2010 በፔንሲልቬኒያ የተደረገውን አይጠቅሱም። እዚያ ዴሞክራቱ ማርክ ክሪትዝ በ8 ነጥብ ገደማ አሸንፈው ፓርቲያቸው እፎይ ብሎ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ 63ቱ ወንበር ሄደ።

ታዲያ ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ይህን ያህል ከቁም ነገር ይቆጥሩታል ወይ? አዎ፤ ከእኛም በላይ። ከላንካስተሩ ሽንፈት ሁለት ቀን በኋላ፣ ማርች 27፣ ትራምፕ ኤሊስ ስቴፋኒክን ለተባበሩት መንግሥታት አምባሳደርነት ያቀረቡበትን ሹመት ሳቡት። ምክር ቤቱ ውስጥ ያላቸው ብልጫ ቀጭን ነበር፤ በስቴፋኒክ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተወዳድሮ እንዲፈተን አልፈለጉም። ወረዳው ትራምፕን በ20 ነጥብ ገደማ የመረጠ ነው! የዊስኮንሰኑ አገረ ገዥ ስኮት ዎከርም በጃንዋሪ 2018 አንዲት የገጠር ሴኔት ወንበር ሲያጡ ፓርቲያቸውን ንቃ ብለው በአደባባይ ጮኸው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአንድ ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። ያን ወንበር የወሰዱት ዴሞክራት ፓቲ ሻክትነር ግን፣ ይህንንም ይያዙልኝ፣ በ2020 ትልቁ ምርጫ ሲመጣ ተሸንፈው ወጡ።

ስለ ምልክትነታቸው ይህን ያህል ካወራን፣ ሥልጣንም እንደሚያዞሩ አንርሳ። ዜናው ይህን ይዘለዋል። በኦገስት 2025 ካትሊን ድሬ የአይዋን 1ኛ ወረዳ ስታሸንፍ የሪፐብሊካኖች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ፈረሰ። የአይዋ ሴኔት የአገረ ገዥውን ሹመቶች የሚያጸድቀው በሁለት ሦስተኛ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ የአንድ ዴሞክራት ድምፅ ግድ ሆነ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ሚኒሶታም የ2024ቱ ምርጫ የግዛቱን ምክር ቤት 67 ለ 67 አደረገው። አንድ ዴሞክራት ተመራጭ በወረዳው አይኖርም ተብሎ በፍርድ ቤት ወንበሩን አጣ። ሚዛኑ ወዲያው ተዛባ፤ ዴሞክራቶቹም አዳራሽ አንገባም አሉ። በማርች ማሟያ ምርጫ ወንበሩ ተመልሶ እንደገና 67 ለ 67 ሆነ። በጁን የቀድሞዋ አፈ ጉባኤ ሜሊሳ ሆርትማን ከባለቤታቸው ጋር ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። በሴፕቴምበር ሌላ ማሟያ። አሁንም 67 ለ 67። ሁለቱም ወረዳዎች የዴሞክራቶች ቤት ስለሆኑ ስለ አገሪቱ ነፋስ ብዙ አልነገሩንም። ባይሞሉ ግን ምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች ይሆን ነበር።

ወደ ካውንቲና ወደ ትምህርት ቤት ቦርድ ሲወርዱ ደግሞ የፓርቲው ነፋስ እየሳሳ ይሄዳል። እዚያ ሰውን የሚያስወጣው የመሬት አጠቃቀም፣ የትምህርት ቤት ድንበር፣ የቤት ግብር ነው። ከእንዲህ ያለው ውጤት ተነስቶ ስለ ዋይት ሐውስ የሚተነትን ሰው ካዩ ቻናሉን ይቀይሩ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ዜናው ሲመጣ ሁለት ቁጥር ይፈልጉ፤ የዛሬውን ልዩነትና የፕሬዚዳንታዊውን። ከዚያ አራት አምስት ምርጫ እስኪጠራቀም ይታገሡ፤ ከተራራቁ ቦታዎች ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ግማሹን ይቀንሱ።

ለእርስዎ ለራስዎ ደግሞ የሚመጣው ጊዜ ሩቅ አይሆንም። ዋልኪንሾ ወደ ኮንግረስ ሲሄዱ በፌርፋክስ የተቆጣጣሪዎች ቦርድ የብራዶክ ወንበራቸውን ለቀቁ። እሱም በዲሴምበር ሌላ ማሟያ ምርጫ ወለደ። ብራዶክ የእርስዎ ሠፈር ከሆነ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠርተዋል ማለት ነው።